ባለ ኪቦርድ ስማርትፎን፦ ስለ ሙዚቃና ስለ መልእክት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባለ ኪቦርድ ስልክ የሚወድ ሰው ሁለት ነገር አይለቅም፤ ኤርፎኑንና ጽሑፉን። ጥያቄውም አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ በሁለቱ ዙሪያ ነው። እዚህ ያሉት መልሶች ብላክቤሪን፣ የኖኪያን ኢ ተከታታይ ስልኮችና በአንድሮይድ የሚሠሩትን ይመለከታሉ። እኔም ቁልፍ እየተጫኑ መጻፍን ከልቤ የምወድ ሰው ነኝ። ስለምወደውም የማይሆነውን ይሆናል አልልም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዛሬ ላይ ባለ ኪቦርድ ስልክ ይዤ ሙዚቃ መስማትና መልእክት መላላክ እችላለሁ?

ሙዚቃውን በደንብ። መልእክቱ ግን እንደ ስልኩ ሲስተም ነው።

ዘፈን ሚሞሪ ላይ የተቀመጠ ፋይል ነው። በ2008 የወጣው ኖኪያ ኢ71 ባትሪው እስካለ ድረስ ዛሬም ያጫውተዋል፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። መልእክት ግን ከበስተጀርባው የሌላ ሰው ሰርቨር አለ። ያ ሰርቨር ሲዘጋ፣ ወይም አፑ የድሮውን ሲስተም ሲተው፣ ስልኩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ መልእክቱ ይቆማል። ዋትስአፕ ሲምቢያን በሚባለው ሲስተም የሚሠሩትን፣ እንደ ኢ71 ያሉትን የኖኪያ ስልኮች በ2017 አጋማሽ ላይ ተወ። የብላክቤሪ የራሱ ሲስተሞች የሆኑትን ብላክቤሪ ኦኤስንና ብላክቤሪ 10ን ደግሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ።

ከዚያ የባሰው በጃንዋሪ 4 ቀን 2022 መጣ። ብላክቤሪ ለድሮ ሲስተሞቹ ማለትም ለብላክቤሪ ኦኤስ 7.1ና ከዚያ በፊት ለነበሩት፣ እንዲሁም ለብላክቤሪ 10 ይሰጥ የነበረውን አገልግሎት በዚያ ቀን አቆመ። ኩባንያው ራሱ እንዳስታወቀው በእነዚህ ስልኮች ላይ ዳታ፣ ጥሪና ቴክስት ሳይቀሩ አስተማማኝ አይሆኑም። እንደ ቦልድ፣ ኪው10ና ፓስፖርት ያሉት እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

በአንድሮይድ የሚሠሩት ብላክቤሪዎች ይህ አልነካቸውም። ፕሪቭ በ2015፣ ኪይዋን በ2017፣ ኪይ2 በ2018 የወጡ ናቸው። እነሱ ላይም ቢሆን ጊዜው እየቆጠረ ነው፤ ፕሪቭ አንድሮይድ 6 ላይ፣ ኪይዋንና ኪይ2 ደግሞ 8.1 ላይ ቆመዋል። የመልእክት አፖች ደግሞ የሚቀበሉትን ዝቅተኛ ቨርዥን ከዓመት ዓመት ከፍ ያደርጋሉ። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ስልክ ለሚፈልግ ሰው ምክሬ አንድ ነው፦ አንድሮይድ ያለውን፣ ከነሱም አዲስ ቨርዥን ያለውን ይያዝ። የድሮውን የሚወድ ደግሞ ለሙዚቃ ይያዘው። ግሩም የሙዚቃ ማጫወቻ ይወጣዋል።

ቢቢኤም አሁን ይሠራል?

አይሠራም። ቢቢኤም የብላክቤሪ የራሱ የመልእክት አገልግሎት ነበር፤ በ2005 ተጀምሮ ለተራው ተጠቃሚ ሜይ 31 ቀን 2019 ተዘጋ። ሰው ስልክ ቁጥሩን ሳይሰጥ በስምንት ፊደልና ቁጥር በተሠራ ፒን ብቻ ይገናኝበት ነበር። መልእክቱ ሲደርስ ዲ፣ ሲነበብ አር የምትል ምልክት አጠገቡ ትወጣለች። ዛሬ ዋትስአፕና ቴሌግራም ላይ የምናያቸው የራይት ምልክቶች ሥራቸው ያው ነው።

ዘፈን ስልኩ ላይ እንዴት ነው የምጭነው?

አንድሮይድ ከሆነ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኙትና ከላይ ወደ ታች ስባችሁ የሚወጣውን የዩኤስቢ ማሳወቂያ ንኩ። መጀመሪያ ላይ ቻርጅ ብቻ እንዲያደርግ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ወደ ፋይል ማስተላለፊያ ቀይሩት። ከዚያ ዘፈኖቹን ሚዩዚክ በሚለው ፎልደር ውስጥ መገልበጥ ነው።

የድሮ ስልክ ከሆነ ኬብሉን እርሱት። ሚሞሪ ካርዱን አውጥታችሁ በካርድ ማንበቢያ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ጫኑ። የድሮዎቹ ስልኮች በኬብል ሲገለብጡ ቀርፋፋ ናቸው፤ መሃል ላይ ከተቋረጠም ፋይሉ ይበላሻል።

ገልብጣችሁ ዘፈኑ ዝርዝሩ ውስጥ ካልታየ መጀመሪያ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩት። ያኔ ካርዱን እንደገና ይፈትሻል። ያም ካልሠራ ፎልደሩ ውስጥ በነጥብ የሚጀምር ኖሚዲያ የሚባል ፋይል እንዳለ እዩ። ያ ፋይል ያለበትን ፎልደር የሙዚቃ ማጫወቻው ዘሎት ያልፋል። ከሌላ አፕ ፎልደር ላይ ዘፈን ስትገለብጡ ሳታውቁት አብሮ ይመጣል።

8 ጊጋባይት ካርድ ስንት ዘፈን ይይዛል?

በሴኮንድ በ128 ኪሎቢት የተቀዳ ኤምፒ3 በደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። የአራት ደቂቃ ዘፈን 4 ሜጋባይት አይሞላም ማለት ነው። ስለዚህ 2,000 ዘፈን ይይዛል ብላችሁ አስቡ። ጥራቱ 320 ኪሎቢት ከሆነ ወደ 800 ይወርዳል። በርካሽ ኤርፎን፣ በመንገድ ጫጫታ ውስጥ ለሚሰማ ሰው ሁለቱን መለየት ከባድ ነው። ጥሩ ኤርፎን ያለውና ጸጥ ባለ ክፍል የሚሰማ ግን 320ውን ቢይዝ ይሻለዋል።

ትልቅ ካርድ ስከተው “ፎርማት ላድርገው?” ይለኛል።

እሺ አትበሉት! እሺ ካላችሁ በላዩ ያለው በሙሉ ይጠፋል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። እስከ 32 ጊጋባይት ያሉ ካርዶች የሚጠቀሙት ፋት32 የሚባለውን አደረጃጀት ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ ኤክስፋትን። የድሮ ስልክ ኤክስፋትን ስለማያውቀው ካርዱ ባዶ ወይም የተበላሸ ይመስለዋል። ለእንዲህ ዓይነት ስልክ 32 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በታች የሆነ ካርድ ይበቃል፤ ኢ71ን የመሰለ ስልክ ከሆነ ደግሞ 8 ጊጋባይት። እንደ ኪይ2 ያሉት ግን ትልልቆቹንም ይቀበላሉ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ብዙ ጊጋባይት የተጻፈበት ግን በጣም ርካሽ የሆነ ካርድ ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ። አስመስለው የሠሩት ካርድ ስልኩ ላይ 512 ብሎ ሊያሳይ ይችላል፤ እውነተኛው ቦታው ግን ትንሽ ነው። መጀመሪያ የጫናችኋቸው ዘፈኖች ይሠራሉ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ስማቸው ይታያል፣ ሲነኩ ግን አይጫወቱም። ካርዱን እንደገዛችሁ ሙሉውን ሞልታችሁ መጨረሻ ላይ ያሉትን ፋይሎች ክፈቱ። ከከፈቱ ካርዱ ደህና ነው።

የዘፈኖቹ ስም ተዘበራረቀ፤ ግማሹ “ያልታወቀ አርቲስት” ይላል።

ማጫወቻው የሚያነበው የፋይሉን ስም ሳይሆን ፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን መለያ ነው። ኮምፒውተር ላይ በመለያ ማስተካከያ ፕሮግራም የዘፋኙን፣ የአልበሙንና የዘፈኑን ስም አስተካክሉ። ጊዜ ይወስዳል። ግን ኪቦርድ ያለው ስልክ ላይ ዋጋው ሁለት እጥፍ ነው፤ ሁለት ሦስት ፊደል ተጭናችሁ የምትፈልጉትን ዘፈን የምታገኙት መለያው በትክክል ሲጻፍ ነው።

ኤርፎን ስሰካ ሙዚቃው ይሰማል፣ የዘፋኙ ድምፅ ግን ከሩቅ ይመጣል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ስልኩ ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። ይህን ጥያቄ በተለይ የድሮ ኖኪያ ያላቸው ሰዎች ደጋግመው ያነሱታል፤ መልሱን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ማይክ ያለው ኤርፎን ጫፉ ላይ አራት የብረት ክፍል አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የግራና የቀኝ ድምፅ ናቸው። ቀሪዎቹ ሁለቱ ማይኩና የጋራ መመለሻው ናቸው። ችግሩ የእነዚህ የሁለቱ ቅደም ተከተል በሁለት ዓይነት መንገድ መሠራቱ ነው፤ አንዱ ኦኤምቲፒ፣ ሌላው ሲቲአይኤ ይባላል። የድሮዎቹ ኖኪያዎች በመጀመሪያው ነበር የሚሠሩት። ዛሬ የሚሸጠው ኤርፎን ግን በሁለተኛው ነው።

ሁለቱ ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ የጋራው መመለሻ በትክክል አይገናኝም። ያኔ ጆሮአችሁ የሚሰማው በግራና በቀኝ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ይሆናል። የዘፋኝ ድምፅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀዳው መሃል ላይ፣ ለሁለቱም ጆሮ እኩል ሆኖ ነው። ልዩነት ስለሌለው ይጠፋል። የዳር ዳሩ መሣሪያና የድምፁ ማስተጋባት ይቀራል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ዘፈኑ እየተጫወተ ኤርፎኑ ገመድ ላይ ያለችውን የጥሪ ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ። ዘፋኙ ወዲያው ከተመለሰ ምክንያቱ ይኸው ነው። ቁልፏ ስትጫኑ ማይኩንና መመለሻውን ታገናኛለች። መፍትሔው ማይክ የሌለው ባለ ሦስት ክፍል ኤርፎን መጠቀም፣ ወይም ሁለቱን ቦታ የሚያቀያይር ትንሽ ማገናኛ መግዛት ነው።

ቁልፏን ስትጫኑም ለውጥ ከሌለ የኤርፎኑን ቀዳዳ እዩት። ኪስ ውስጥ የኖረ ስልክ ቀዳዳው ውስጥ የጨርቅ ብናኝ ይጠራቀምበታል፤ ጃኩም እስከ መጨረሻው አይገባም። ስልኩን አጥፍታችሁ በእንጨት ስንጥር ቀስ አድርጋችሁ አውጡት። መርፌ አትክተቱ።

ኢ71 ላለው ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር፦ የእሱ ቀዳዳ 2.5 ሚሊሜትር ነው። የተለመደው የ3.5 ኤርፎን አይገባበትም፤ ማገናኛ ይፈልጋል።

የብሉቱዝ ማዳመጫዬ ጥሪ ይቀበላል፣ ሙዚቃ ግን አያሰማም።

ብሉቱዝ ለጥሪና ለሙዚቃ የተለያየ መንገድ ነው የሚጠቀመው። ለስቴሪዮ ሙዚቃ ኤ2ዲፒ የሚባለው በስልኩም በማዳመጫውም ላይ መኖር አለበት። አንዳንድ ባለ አንድ ጆሮ ማዳመጫ ለጥሪ ብቻ የተሠራ ነው። ሁለቱም ካላቸው ግን የስልኩ ብሉቱዝ ሴቲንግ ውስጥ የማዳመጫውን ስም ከፍታችሁ “የሚዲያ ድምፅ” የሚለው መብራቱን እዩ።

ስልኩን ሳላይ፣ ከኪስ ሳላወጣ ዘፈን መቀየር እችላለሁ?

የቁልፍ ስልክ ትልቁ ደስታ ይሄ ነው! ቦልድ 9900 ላይ በድምፅ መጨመሪያውና መቀነሻው መካከል ትንሽ ቁልፍ አለች። እሷን አንዴ መጫን ዘፈኑን ያቆማል፣ ደግሞ መጫን ያስቀጥላል። ድምፅ መጨመሪያውን ተጭኖ መያዝ ወደሚቀጥለው ዘፈን ያሳልፋል፤ መቀነሻውን መያዝ ወደ ኋላ ይመልሳል። ጣት በዳሰሳ ያገኛታል፤ ዓይን አያስፈልግም።

ኪይዋንና ኪይ2 ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ፊደል ሁለት አቋራጭ መስጠት ይቻላል፤ አንዱ ለአጭር ጭነት፣ አንዱ ለረጅም። 26 ፊደል ስላለ በጠቅላላው 52 አቋራጭ ይሆናል። የኤም ቁልፍ የሙዚቃ ማጫወቻውን፣ የቲ ቁልፍ ቴሌግራምን ይክፈት ብላችሁ አዘጋጁ። የረጅሙን ጭነት ደግሞ ብዙ ጊዜ ለምትጽፉለት ሰው ስጡት። ኪይዋን ላይ ይህ የሚሠራው ዋናው ገጽ ላይ ሆናችሁ ነው። ኪይ2 ግን ለዚህ ብቻ የተሠራ ቁልፍ ስላለው የትኛውም አፕ ውስጥ ሆናችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። ይቺ ቁልፍ ብቻዋን ኪይ2ን ከታላቁ እንድመርጠው ታደርገኛለች።

መልእክት በመጣ ቁጥር ዘፈኑ ዝቅ ይላል። ማስቀረት ይቻላል?

ይቻላል። አንድሮይድ ሆን ብሎ ነው የሚያደርገው፤ የማሳወቂያው ድምፅ እንዲሰማ ሙዚቃውን ለአፍታ ያወርደዋል። ብዙ ግሩፕ ውስጥ ላለ ሰው ግን ዘፈኑ መልክ ያጣል። ግሩፖቹን አንድ በአንድ ድምፅ አጥፉባቸው። ወይም “አትረብሹኝ” የሚለውን አብርታችሁ የቅርብ ቤተሰብን ብቻ አስፈቅዱ። ሁሉንም ከማጥፋት ሁለተኛው ይሻላል፤ የእናት መልእክት ሳይሰማ እንዲያልፍ ማን ይፈልጋል?

ስክሪኑ ሲጠፋ ዘፈኑም ያቆማል።

ባትሪ ቆጣቢው ነው የሚዘጋው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የባትሪ ማመቻቻ ከሚለው ዝርዝር የሙዚቃ ማጫወቻውን አስወጡት። መልእክት የሚያዘገየውም አፕ ቢሆን መፍትሔው ያው ነው።

በኪቦርዱ ፈጥኖ ለመጻፍ ምን ልልመድ?

ሁለት አውራ ጣት ብቻ ተጠቀሙ፤ ስልኩን በቀሪዎቹ ጣቶች ከታች ደግፉት። የጥፍሩ ጫፍ ሳይሆን የጣቱ ዳር ነው የሚጫነው። የብላክቤሪ ቁልፎች ላይ ጠርዝ ጠርዙ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ጣታችሁ አንዱን ፊደል ከሌላው የሚለየው በዚያ ከፍታ ነው። ይህን ካወቃችሁ ሳታዩ መጻፍ ትለምዳላችሁ።

ከዚያ ትንንሾቹ ዘዴዎች ይመጣሉ። ስፔስን ሁለቴ መጫን ነጥብ ያስገባል፣ ቀጣዩንም ፊደል ትልቅ ያደርጋል። አንዱን ፊደል ተጭኖ መያዝ ያንኑ ፊደል ትልቅ ያደርገዋል። በድሮው የብላክቤሪ የመልእክት ዝርዝር ላይ ቲ ወደ ላይኛው ጫፍ፣ ቢ ወደ ታችኛው ይወስዳል፤ አር መልስ ይከፍታል፣ ኤፍ ለሌላ ሰው ያስተላልፋል፣ ሲ ደግሞ አዲስ መልእክት ይጀምራል። ፓስፖርት፣ ኪይዋንና ኪይ2 ላይ ኪቦርዱ ራሱ ንክኪ ያውቃል። ጣት ቁልፎቹ ላይ ማንሸራተት ገጹን ወደ ላይና ወደ ታች ይወስዳል። የቃል ጥቆማ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ደግሞ ከቃሉ ሥር ያለውን ቁልፍ ወደ ላይ ማንሸራተት ቃሉን ያስገባዋል።

ደጋግማችሁ የምትጽፉት ዓረፍተ ነገር ካለ ምህጻረ ቃል ስጡት። አንድሮይድ ላይ “የግል መዝገበ ቃላት” የሚለው ውስጥ ሁለት ፊደል ጻፉና “መንገድ ላይ ነኝ፣ ስደርስ እደውላለሁ” የሚለውን ሙሉውን አያይዙት። ሁለቷን ፊደል ስትጽፉ ሙሉው ይመጣል።

መኪና እየነዳሁ ሳላይ መጻፍ እችላለሁ ማለት ነው?

በፍጹም አይሆንም። ጣት ሳያይ ቢጽፍም ሐሳብ ከመንገዱ ይወጣል። ዘፈኑን አስጀምራችሁ ተነሡ፤ መልእክቱ ስትደርሱ ይነበባል።

ቁልፎቹ ላይ የላቲን ፊደል ነው ያለው። አማርኛ እንዴት እጽፋለሁ?

በድምፅ በሚጽፍ የግዕዝ ኪቦርድ አፕ ነው። ኤስንና ኢን ተከታትሎ መጫን “ሰ”ን ይሰጣል፣ ኤስና ኤ ደግሞ “ሳ”ን፤ አፑ ሁለቱን አንድ ፊደል ያደርጋቸዋል። ከመጫናችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሩ፤ አንዳንዱ የአማርኛ አፕ የሚሠራው ስክሪን ላይ ብቻ ነው፤ የስልኩን እውነተኛ ቁልፎች አይሰማም። መግለጫው ላይ ከውጭ ኪቦርድ ጋር እንደሚሠራ የሚናገረውን ምረጡ።

ካልተገኘ ደግሞ ሁለቱን ማቀላቀል ይቻላል። ሴቲንግ ውስጥ “አካላዊ ኪቦርድ” በሚለው ሥር የስክሪን ኪቦርድም አብሮ እንዲወጣ የሚያደርግ ምርጫ አለ። እሱን አብርታችሁ አማርኛውን በስክሪኑ፣ እንግሊዝኛውን በቁልፉ መጻፍ ነው። ስክሪናቸው አጭር በሆነ ስልኮች ላይ ግን ይጨናነቃል፤ የምታነቡት ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ይቀራችኋል።

በአማርኛ የምልከው ቴክስት ለምንድን ነው ቶሎ ሁለት መልእክት የሚሆነው?

አንድ ቴክስት የሚይዘው 140 ባይት ነው። የላቲን ፊደል በ7 ቢት ስለሚጻፍ 160 ይገባበታል። አማርኛ ግን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደሎች የጋራ ኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል 16 ቢት ይፈልጋል። ስለዚህ 70 ብቻ ይገባል። ከ70 ካለፈ መልእክቱ ይከፈልና እያንዳንዱ ክፍል 67 ይይዛል፤ ቀሪው ቦታ ክፍሎቹን መልሶ ለማገጣጠሚያ ይውላል። 100 ፊደል የጻፈ ሰው የሁለት መልእክት ሒሳብ ይከፍላል።

ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በላቲን ፊደል በተጻፈ ረጅም መልእክት ውስጥ አንዲት የአማርኛ ፊደል ወይም አንዲት ኢሞጂ ብትገባ፣ ጠቅላላው መልእክት ወደ 70ው ሒሳብ ይዞራል። መጨረሻ ላይ የተጨመረች አንዲት የልብ ምልክት አንዱን መልእክት ሁለትና ሦስት ታደርገዋለች።

ታዲያ ለቁጠባ ብላችሁ አማርኛን በላቲን አትጻፉ። የግዕዝ ፊደል አናባቢውን በውስጡ ይዞ ነው የሚመጣው። “ሰላም” ሦስት ፊደል ነው፤ በላቲን አምስት ይሆናል። ስለዚህ የሚቀንሰው ቦታ ከግማሽ በላይ ቢመስልም የሐሳቡ መጠን ያን ያህል አይቀንስም። ለሚያነበው ሰው ደግሞ፣ በተለይ ለትልልቅ ሰዎች፣ በፊደሉ የተጻፈ አማርኛ ዕረፍት ነው።

የላኩት አማርኛ በሌላው ስልክ ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይታያል።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ስልኩ ውስጥ የፊደሉ ቅርጽ ካልተጫነ ግን ባዶ ሳጥን ያሳያል። መልእክቱ ሳይጎድል ደርሷል። ተቀባዩ ወደ ሌላ ስልክ ቢያስተላልፈው እዚያ ይነበባል።

ዘፈን በመልእክት መላክ ይቻላል?

ፎቶና ድምፅ በሚላክበት ቴክስት፣ በኤምኤምኤስ፣ አይሞከርም፤ የሚፈቀደው መጠን ለአንድ ዘፈን አይበቃም። በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም እንደ ፋይል አድርጋችሁ ላኩት። ከድሮ ስልክ ወደ አንድሮይድ በብሉቱዝ መላክም ጥሩ ነው፤ ዳታ አይበላም። አይፎን ግን ከሌላ ስልክ በብሉቱዝ ፋይል አይቀበልም።

በክፍያ ከሚሠሩ የሙዚቃ አፖች ላይ ያወረዳችሁት ዘፈን ግን አይላክም። የተቆለፈ ፋይል ነው፤ ከዚያ አፕ ውጪ አይከፈትም፤ ክፍያው ሲቋረጥም አብሮ ይሄዳል። ለዚህ ነው የምወዳቸውን ዘፈኖች በፋይል ገዝቼ ካርድ ላይ ማስቀመጥን የምመርጠው።

የተላከልኝ የድምፅ መልእክት የድሮ ስልኬ ላይ አይከፈትም።

ዋትስአፕ ድምፅ የሚቀዳው ኦፐስ በሚባል ፎርማት ነው። የድሮ ስልኮች አያውቁትም። ኮምፒውተር ላይ ወደ ኤምፒ3 ቀይራችሁ ካርዱ ላይ ጫኑት፤ እንደማንኛውም ዘፈን ይጫወታል።

የድሮው ስልኬ ኢሜይልና ድረ ገጽ ላይ “ሰርተፊኬቱ አይታመንም” ይላል።

ሰርተፊኬት ድረ ገጹ እውነተኛ መሆኑን ለስልኩ የሚያረጋግጥ ማስረጃ ነው። መጀመሪያ ቀኑን እዩ። ባትሪ ወጥቶ የቆየ ስልክ ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቀን ከተሳሳተ ሁሉም ሰርተፊኬት ውሸት ይመስለዋል። ቀኑ ትክክል ሆኖ ከቀጠለ ግን ስልኩ ውስጥ ያሉት ዋና ሰርተፊኬቶች ጊዜያቸው አልፏል ማለት ነው። ብዙ ድረ ገጽ ይደገፍበት የነበረ አንዱ በሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 አብቅቷል። “ግድ የለም ቀጥል” እያሉ የይለፍ ቃል ማስገባት አደጋ አለው። በእንዲህ ዓይነት ስልክ የባንክም የኢሜይልም ነገር ባይነካ ይሻላል።

ባትሪውን የሚጨርሰው ሙዚቃው ነው ወይስ መልእክቱ?

ስክሪኑ ነው። ከካርድ ላይ ዘፈን እያጫወተ ስክሪኑ የጠፋ ስልክ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ከኢንተርኔት ቀጥታ ሲሰማ፣ በተለይ ኔትወርኩ ደካማ ሲሆን፣ ቶሎ ያልቃል። የቦልድና የኢ71 ባትሪ ከጀርባ ይወጣል። ስታወጡት ሆዱ አብጦ ካገኛችሁት መልሳችሁ አታስገቡት፣ ቻርጅም አታድርጉት።

አሮጌው ስልኬ ላይ ያሉትን መልእክቶች እንዴት ላድናቸው?

ዛሬውኑ አድኗቸው። ከዚህ ዓለም የተለየ ሰው የላከው ቴክስት ሁለተኛ አይገኝም። ስልኩ አንድ ቀን አልነሣ ሲል ደግሞ ማንም አያስመልሰውም።

አንድሮይድ ከሆነ ቴክስት የሚቀዳ አፕ ጭናችሁ ፋይሉን ከስልኩ ውጪ አስቀምጡ። ዋትስአፕ ላይ ውይይቱን ከፍታችሁ “ወደ ውጭ ላክ” በሉት። ቀላል የጽሑፍ ፋይል ይወጣል፤ ከዓመታት በኋላም በየትኛውም ኮምፒውተር ይከፈታል። የድሮ ኖኪያና ብላክቤሪ ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኛቸው የራሳቸው ፕሮግራም ነበራቸው። ዛሬ ማግኘቱም ማሠራቱም አድካሚ ስለሆነ ጥቂት መልእክት ከሆነ በሌላ ስልክ ስክሪኑን ፎቶ ማንሳት ይቀላል። ፎቶ ስታነሡ ቀኑና ሰዓቱ አብሮ እንዲታይ መልእክቱን ከፍታችሁ አንሡ።

ያገለገለ ልገዛ ነው። ምን ልፈትሽ?

ማስታወሻ ከፍታችሁ እያንዳንዱን ፊደል ጻፉ። ከዚያ ስፔሱን በግራ ጫፉም በቀኝ ጫፉም ተጫኑ፤ ቀድሞ የሚደክመው እሱ ነው። ኪይዋንና ኪይ2 ላይ የጣት አሻራ አንባቢውም እዚያው ስፔስ ውስጥ ስለሆነ እሱንም ሞክሩ። አንዱን ፊደል አንዴ ስትጫኑ ሁለቴ የሚጽፍ ከሆነ ተዉት፤ ይብሳል እንጂ አይሻለውም።

ኤርፎናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ዘፈን እየተጫወተ ጃኩን ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ አንዱ ጆሮ ከተቋረጠ ቀዳዳው ተጎድቷል። የራሳችሁን ሲም ከታችሁ ደውሉ፣ ቴክስት ላኩ፣ ዳታም አብሩ። 2ጂም 3ጂም የተዘጋባቸው አገሮች አሉ፤ እዚያ 4ጂ የሌለው ስልክ ለጥሪም አይሆንም። የአንድሮይዱን ቨርዥን እዩና የምትፈልጉት የመልእክት አፕ እዚያው ፊት ለፊታችሁ ሲጫን ተመልከቱ። ሻጩ “ይሠራል” ስላለ ብቻ አትመኑ።

ቁልፎቹ ሲቆሽሹ ወይም ሲጣበቁ እንዴት ላጽዳቸው?

ስልኩን አጥፉ። ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት። ስልኩን ደፍታችሁ በደረቅ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በቁልፎቹ መካከል ጥረጉ፤ ፍርፋሪው ወደ ታች ይረግፋል። የተጣበቀ ቁልፍ ካለ የጆሮ ጥጥ አልኮል አስነክታችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ ዙሪያውን አዙሩበት። ጥጡ የሚያንጠባጥብ ከሆነ አልኮሉ በዝቷል። ውሃ በጭራሽ አይነካው። ሲደርቅ አብሩትና ማስታወሻ ከፍታችሁ ያን ፊደል ደጋግማችሁ ሞክሩት።